ታርቆ የሚያፈስ ጣሪያ

ሕሊናዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪውን፣ ኢየሩሳሌም ያለውን የኢትዮጵያ መንገድ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አልተሳለምኩትም። ፒስጋት ዘኤቭ የሚሉት የከተማው ዳር ሰፈር፣ አክስቴ ልቅናሽ ቤት፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ተቀምጫለሁ። በረንዳዋን ክፍል አድርጎ የከደነላት ቢምረው የአገር ልጅ ስለሆነ ነገሩን ሽማግሌዎች ያዙት። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት የኮንስትራክሽን ክስ የተከራከርኩ ጠበቃ ነኝ ብዬ ውሉን፣ ፎቶውን፣ የጉድለት ዝርዝሩን ደረደርኩ። እኛ ጎንደር አራት ዓመት የምንቀጣጠርበትን እነሱ በግማሽ ሰዓት ጨረሱት፤ ቢምረው የአክስቴን ጉልበት ሳመ፣ ተላቀሱ፣ ታረቁ።

«ጣሪያውንስ ማን ይጠግነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ታርቀዋል። አንተ ምን ቤት ነህ የምታጣላቸው?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፣ አያ ማለደ። ድንጋይ ተሸክሜ ቢምረውን ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ። ድንጋይ ቢጠፋ ቢምረው ራሱ ከመኪናው ብሎኬት አወረደልኝ። ምስጋና ይግባውና ይቅር ብሎኛል።

ለቢሮው ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እናትሽንም ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ቀለሙ የተበላሸው ናፍቄሽ አልቅሼ እንዳይመስልሽ፤ ከጣሪያው ነው። ማስረጃ ነውና ፋይል ውስጥ አስቀምጪልኝ።

ኤሊያስ