ዝም ያለ መርፌ ያናግሩ የነበሩት እትዬ ወረንጦ ስለ ማረፋቸው

የሸክላ ማጫወቻ ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር፣ የሙያ እኅታችን እትዬ ወረንጦ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞችና ለሙያው ወዳጆች ሁሉ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ በመጀመሪያ ያቀረቡት ረቂቅ አራት መስመር ብቻ ስለነበር ጠቅላላ ጉባኤው አልተቀበለውም። ይህ ሁለተኛው ነው፤ የጻፉትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

እትዬ ወረንጦ ሙያውን የጀመሩት በስልክ መሥሪያ ቤት ሽቦ በመጠምጠም ነው። ከአሥራ አራት ዓመት አገልግሎት በኋላ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባባት በሯ በማይዘጋ ክፍል የራሳቸውን ሥራ ከፈቱ። ማኅበሩን የተቀላቀሉት በተመሠረተ በአራተኛው ዓመት ሲሆን፣ ቅጽል ስማቸውን ያወጣንላቸው ወረንጦ ከጣታቸው ስለማይለይ ነው።

በዚያን ጊዜ መርፌው የሚሰካበት ራስ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ካርትሪጅ፣ ከተበላሸ ተጥሎ በሌላ ይተካል እንጂ አይጠገንም ነበር። እሳቸው ግን በአጉሊ መነጽር ሥር ከፍተው፣ ከፀጉር የቀጠነውን የተበጠሰ ሽቦ እንደገና ይጠመጥማሉ፤ የደረቀውን ላስቲክ ይለውጣሉ። ሽቦውን ሲያስገቡ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ከእኛ መካከል ይህን የሞከረ ሁሉ ሁለት ሦስት ራስ አበላሽቶ እጁን ሰብስቧል።

በተመሠረተ በዘጠነኛው ዓመት ማኅበሩ የማዞሪያ ስልቶችን ለማነጻጸር ሦስት ማጫወቻዎችን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠ። አንደኛው በላስቲክ ጎማ፣ ሁለተኛው ከሞተሩ በተዘረጋ ቺንጋ የሚዞር ሲሆን፣ የሦስተኛውን የሸክላ ማስቀመጫ ሰሃን ሞተሩ ራሱ በቀጥታ ያዞረዋል። በሦስቱም ላይ ያው ሸክላ ተጫወተ። ባለ ቺንጋው የጸሐፊው ነበር፤ ቺንጋ ከሁሉም እንደሚበልጥ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈው ለአባላት አድለው ነበር። እትዬ ወረንጦ አዳምጠው ሲያበቁ አስተያየት ተጠየቁ።

«ቺንጋ ደግ ነው፤ የሞተሩን ንዝረት ወደ መርፌው አያሳልፍም። ይኼኛው ግን ላልቷል። ዘፋኙን ወደ ኋላ እየጎተተው ነው» አሉ።

ጸሐፊው ቺንጋው በዚያው ሳምንት የተቀየረ አዲስ መሆኑን አስረዱ። ሲለካ ግን ሰሃኑ በደቂቃ ግማሽ ዙር ያህል ዘግይቶ ተገኘ። ጉባኤው ሳቀ። እትዬ ወረንጦ አልሳቁም፤ ጸሐፊውን ይበልጥ ያቃጠላቸውም ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጸሐፊው ሆድ ሻከረ። ደንበኛ በእሳቸው ጥገና ቤት በር አልፎ ወደ ደረጃው ሥር በወረደ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው በዓይናቸው ይከተሉት ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት አንዲት የድምፅ ቤተ መዛግብት ኃላፊ አርባ አሮጌ ራሶች በካርቶን ይዘው ወደ እትዬ ወረንጦ ሲያልፉ፣ ጸሐፊው መንገድ ላይ አስቁመው የእትዬ ወረንጦ ጥገና ወር ሳይሞላው እንደሚበላሽ ነገሯቸው። ውሸት ነበር። ሥራው ለጸሐፊው ተሰጠ። ስድስት አዳኑ፣ ዘጠኝ ሰበሩ፣ ሁሉንም ከነካርቶኑ መለሱ። ኃላፊዋ በመጨረሻ ወደ ደረጃው ሥር ወረዱ። እትዬ ወረንጦ የተሰበሩትን ዘጠኙንም ጨምረው ሠላሳ አንዱን አስነሱ። ማን እንደሰበራቸው አልጠየቁም።

ማኅበሩ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ስማቸው ለዋና ባለሙያነት ማዕረግ ሲቀርብ በሰባት ለአምስት ድምፅ ወደቀ። በቃለ ጉባኤው «ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ ተጻፈ፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ክፍላቸው ጠባብ ናት፣ በራቸው ላይ ጽሑፍ የለም፣ ስብሰባ ያረፍዳሉ እያልን ምክንያት ስንደረድር ከርመናል። እውነቱ ግን ቀንተን ነው። ጸሐፊው በአፋቸው የተናገሩትን እኛ እጃችንን አውጥተን ተናገርነው። ባለፈው ሐሙስ ማዕረጉ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። የሞተ ሰው ማክበር ምን ያህል እንደሚቀል ያን ቀን አይተናል።

ጸሐፊው ከቀብሩ ማግስት ቤተሰቡን ሊያጽናኑ ሄደው ነበር። ከሟች ታናሽ እኅት አጠገብ ተቀምጠው፣ እትዬ ስለ እሳቸው የሚሉት ነገር ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ወቀሳ ጠብቀው፣ የይቅርታ ቃል አዘጋጅተው ነበር የሄዱት።

እኅትየዋ አሰብ አደረጉና፣ «አይ ጋሼ፣ ስምዎን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። ለመሆኑ እርስዎ በምን ሙያ ላይ ነዎት?» አሉ።

ጸሐፊው ይህ በመግለጫው እንዲገባ ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ጉባኤውም ፈቅዷል።

ማኅበሩ ለእትዬ ወረንጦ ባለቤት፣ ለታናሽ እኅታቸው፣ ዕቃቸውን አምነው ለሰጧቸው ደንበኞችና ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለጸሐፊያችንም እንዲሁ።