የእህቴን ቁርጭምጭሚት የሰበረው ሰው ከአስታማሚነቱ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

ለክቡር የእግርና የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊና የጥናቱ ዋና ተመራማሪ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ፣ በተለይም በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶችዎ በኩል ፍጹም ጤነኛ እንዲሆኑ እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። የሰው ቁርጭምጭሚት ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ በቅርቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያንኑ ድምፅ ከእርስዎ እግር መስማት የሚያምረኝ ቀንም አይጠፋም፤ ስለዚህ መልካም ምኞቴን አስቀድሜ በጽሑፍ ማስፈሬ ለሁለታችንም ይበጃል ብዬ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ርዕሰ መምህራን ደማቸው የፈላበትን ጉዳይ ሁሉ «በአክብሮት እናሳውቃለን» እያልኩ ስተይብ ነው፤ እናም ትሕትናዬ የሙያ እንጂ የልብ እንዳልሆነ ከወዲሁ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። እርስዎ በስም ላያስታውሷት ይችላሉ፤ በጥናትዎ ውስጥ ግን ቶሎ ከተራመዱት ሁሉ ቶሎ የተራመደችው እርሷ ናት።

ጥናትዎ እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በብረትና በብሎን የተጠገነ ሰው፣ እንደ ድሮው እግሩን አንጠልጥሎ ሳምንታት ከሚቀመጥ ቶሎ ቢረግጥበት ይሻለዋል ወይስ ይጎዳዋል? ዕጣ ይወጣል፤ ገሚሱ ይረግጣል፣ ገሚሱ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማን ቀድሞ ወደ ኑሮው እንደተመለሰ ይታያል። ለእህቴ የደረሳት ዕጣ «እርገጪ» የሚለው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የተማረ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔም ያሉኝን ቅሬታዎች እንደ ሥራ ልማዴ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አጥንት ጠጋኝ ሁሉ አጥንቱ እንዴት እንደተሰበረ ማወቅ ይፈልጋል፤ እናንተም ፈልጋችኋል፤ የጠየቃችሁት ግን ሰባሪውን ነው። እህቴ የተሰበረችው በዚህ ሁኔታ ነው። ባሏ ሲደበድባት ቆይቶ እጁ ሲዝል፣ ለመውጣት ሞከረች። አንድ እግሯ ከግቢው የብረት በር ውጭ፣ አንዱ ውስጥ እንዳለ በሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ዘጋባት። አልገጥም ሲለው ከፍቶ እንደገና ዘጋው። በሩ ያልገጠመው መካከሉ ላይ የእህቴ እግር ስለነበረ ነው፤ እሱ ግን ማጠፊያው የዛገ ይመስል እስኪገጥምለት ድረስ ደጋገመው። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ «ይሄ በር አስቸገረኝ እኮ» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ራሱ ተሸክሞ ወደ እናንተ አመጣት። ከተማሪው ሐኪም እስከ እርስዎ ድረስ አልጋዋን ከበባችሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ሁሉ ግን ለእሱ አቀረባችሁ፤ ምክንያቱም አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው አስታማሚ ይባላል፤ በእናንተ ዘንድ ደግሞ በሽተኛ ይታከማል እንጂ አይጠየቅም። «ደረጃ ላይ አዳልጧት ነው፤ ስትቸኩል እኮ አይጣል ነው» አለ፤ ጻፋችሁ። ስልኩንም ሰጠ፤ እሱንም ጻፋችሁ። ቤታቸው ፎቅ የሌለው ተራ ቤት ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። የእህቴ የታች ከንፈር ተሰንጥቆ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ፊት የሚደቁስ ደረጃ የሠራ ግንበኛ ካለ በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል። ግን ከመካከላችሁ ቀና ብሎ ፊቷን ያየ አልነበረም፤ የእግር ሐኪሞች ናችሁና ከጉልበት በላይ ያለውን የሌላ ክፍል ሥራ ነው ብላችሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ምስጋና ነው፤ አሁን አሽሙር አይደለም፤ ከልቤ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግሩም ነበር። እንደ ተከሰከሰ ሸክላ የሆነ እግር ገጣጥማችሁ እግር አድርጋችሁ መልሳችኋል። እርገጪ አላችኋት፣ ረገጠች። መጀመሪያ አልጋዋን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ክራንቿን ተደግፋ፣ በመጨረሻም ባዶ እጇን ሄደች። እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ «አንቺስ ሯጭ ነው የሚወጣሽ» እያለ ያሾፍባት ነበር። አንድ ቀን ባሏ ሥራ እንደወጣ፣ በጠገናችሁላት እግር ከቤቱ ወጥታ እኔ ዘንድ መጣች። በሩን ስከፍት «እትዬ፣ በእግሬ መጣሁ» አለችኝ። ጥናትዎ ቶሎ የመርገጥን ጥቅሞች ዘርዝሯል፤ ይህኛውን አላየሁበትምና በሚቀጥለው እትም ቢጨመር።

በዚያው ሳምንት ቤት ቀየርን። ለዘመድም፣ ለጎረቤትም፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባም የት እንደገባን ትንፍሽ አላልንም። የነገርነው ለእናንተ ብቻ ነው፤ ጥናቱ ሲጀመር «አድራሻ ስትቀይሪ አሳውቂን» ብላችኋታልና እህቴ ደግሞ ቃሏን በማክበር የተረገመች ናት።

ሦስተኛ፦ በአዳራሹ ስላሳያችሁን ፊልም። የጥናቱን የመጀመሪያ ዙር ውጤት ለታካሚ ቤተሰቦች ያበሰራችሁ ዕለት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። እህቴ ገና እሱ ቤት ሳለች የተቀረጸ ነው። በኮሪደሩ ከሁሉም ፈጥና ትራመዳለች፤ መካከል ላይ አንገቷን መለስ አድርጋ ወደ ኋላዋ ታያለች። እርስዎ በዚያች ቀይ መብራትዎ እያመለከቱ «ልብ በሉልኝ፣ ዓይኗን ከእግሯ ላይ አንስታለች፤ ሙሉ በሙሉ ትተማመንበታለች» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ክቡርነትዎ፣ ከኋላዋ፣ ኮሪደሩ በር ላይ ጃኬቷን ይዞ የቆመው ሰው ባሏ ነው። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ ሥራ ልስጠው ብዬ ነው ያጨበጨብኩት።

አራተኛ፦ ጥናታችሁ እስከ ዛሬ አንድም ታካሚ ከክትትል አልጠፋበትም ብለው በኩራት ተናግረዋል። ለምን እንደማይጠፋበት ልንገርዎት። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ለታካሚውም ለአስታማሚውም ይደወላል። የክትትል ሠራተኛችሁ ስትደውል እህቴ አፏን ሞልታ «እባክሽ የእሱን ስልክ ሰርዢልኝ፤ እግሬን የሰበረኝ እሱ ነው» አለቻት። ልጅቱ ጨዋ ልጅ ናት፤ ደነገጠች፤ «ውይ የኔ እናት» አለች። ከዚያ «ግን በጥናት መካከል አስታማሚ አይቀየርም፤ ኮሚቴው ካልፈቀደ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» ብላ፣ ጥያቄውን ለኮሚቴው አስተላልፋ፣ ስልኩን ዘግታ ለእሱ ደወለችለት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና በየትኛው በር እንደምንገባ ነገረችው። «እንዳትቀርብን አደራ» ስትለውም አደራውን ተቀበለ።

አደራውንም አልበላም። በተመላላሽ ሕክምናው በር ላይ፣ ወረፋ በሞላበት፣ ጸጉሯን ጨምድዶ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጣት። ወረፋ ከሚጠብቁ አንድ አዛውንት እጅ ክራንቻቸውን ነጠቀ፤ እሳቸው ግድግዳ ታክከው ቀሩ። በክራንቹ የተጠገነውን እግሯን ይቀጠቅጠው ጀመር፤ ክራንቹ ተጣመመ፣ እግሩ ግን እሺ አላለውም። ያን ጊዜ ጤነኛውን እግሯን የመግቢያው ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አጋደመና በቁሙ ዘለለበት። ከላይ የጠቀስኩልዎትን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ ሾርባ የሞላ ፔርሙስ ይዤ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ከሰከስኩት። ደሙ ከሾርባው ጋር ተቀላቅሎ ዓይኑ ላይ ሲወርድ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ይህንንም ለመደበቅ አልፈልግም። በጎደለው ፔርሙስ ልደግመው ስል ዘበኛው ከኋላ ያዘኝና «እመቤት፣ ይሄ እኮ ሆስፒታል ነው» አለኝ። እኔ ዘበኛ ቤት ገባሁ፤ እሱ ቁስሉ እንዲታጠብለት ወደ ውስጥ ገባ።

አምስተኛ፦ እህቴ በወረቀት ጽፋ እንደነገረችኝ ራጇን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ሲያዩ ፊትዎ በርቷል። «ብረቱ ንቅንቅ አላለም» አሉ፤ በዙሪያዎ ያሉትም ተጠጋግተው አደነቁ። ያን ሁሉ ዱላ የቻለ ብረት እኔንም ያስደንቀኛል። እህቴ በቃሬዛው ላይ ሆና የሌላኛው እግሯ አጥንት በቆዳዋ በኩል ብቅ ብሎ ነበር፤ እሱን ያዩት በሁለተኛ ደረጃ ነው። አልተቀየመችዎትም፤ ያኛው እግር በጥናቱ ውስጥ እንዳልነበረ እሷም ታውቃለች።

ስድስተኛ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተማሪው ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ «የእሷ አስታማሚ ማነው?» ብሎ ተጣራ። ግንባሩ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ «እኔ ነኝ» አለ። አስገባችሁት። የሰበረውን እግር እንድትጠግኑ ፈቅዶ ፈረመላችሁ። እንዴት ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁት «ደረጃው ላይ ነው» አለ፤ አሁንም ጻፋችሁ። እህቴ ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የእሱን ፊት ነው፤ ጸጉሯን ይደባብሳል። ተረኛዋ ነርስ «ለእኔም እንዲህ ያለውን ይስጠኝ» ብላ አለፈች። እህቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ድምጿ ጠፋ።

እኔ ከዘበኛ ቤት እንደተለቀቅኩ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። ወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አይቷል፤ ነገር ግን ወረፋውን ጥሎ ምስክር የሚሆን በሽተኛ የት ይገኛል? ፖሊሱ የላካችሁትን ማስረጃ አነበበና «እህቴ፣ ሐኪሙ ወደቀች እያለ እኔ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። ሰውየውን አልፈርድበትም፤ የእናንተን ማኅተም አክብሮ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ራሴ ሠራሁት። ባሏ እንደ አስታማሚ ወግ መድኃኒት ግዛ ተብሎ ሲላክ ጠብቄ፣ እህቴን በተሽከርካሪ ወንበራችሁ ላይ አስቀምጬ በዋናው በር ገፍቼ አወጣኋት። ያው ዘበኛ በሩ ላይ ነበር። አየኝ፣ እግሯን አየ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ከመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ሁሉ ፊቷን ቀና ብሎ ያየው እሱ ነው። ወንበሩ እኛ ዘንድ ይገኛል፤ የሚመለስበትን ጊዜ ሁኔታው ይወስነዋል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሰው ከአስታማሚነቱ ይነሳልን። ይህ የጥናቱን ሥርዓት የሚያፋልስ ከሆነም እህቴን ከጥናታችሁ አጥፏት፤ «የት እንደደረሰች አናውቅም» ብላችሁ ጻፉ፤ እውነትም አትወቁ። ጥናታችሁ አንድ ሰው ቢጠፋበት አይሞትም፤ እህቴ ግን ከተገኘች ትሞታለች።

ለትዕግሥትዎ፣ ለብረቱ ጥንካሬና ለስልክ አደዋወላችሁ ትጋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እግርዎን እንቅፋት አይምታው፤ ቢመታውም እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅዎ ሰው ከእርስዎ አልፎ ሌላ ሰው አይጠይቅ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከበለጠ ንዴት ጋር፣
የታካሚዋ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ፣ ግልባጩን ደግሞ ለጋዜጣ ልልክ ስል ስልኬ ጠራ፤ ያቺው ጨዋ ልጅ ናት። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥያቄያችንን ተቀብሏል። «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አስታማሚዋ እርስዎ ነዎት» አለችኝ፤ እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ አመሰገንኳት። ቀጥላም፣ የሚነሳው አስታማሚ ማን እንደተካው ማወቅ ስላለበት ስሜንና የምንኖርበትን ቤት ጠዋት እንዳሳወቁት በትሕትና ነገረችኝ። በደንቡ ከፊርማዬ በታች አድራሻዬን ማስፈር ነበረብኝ፤ የሚፈልገው ሰው እጅ ስለገባ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፈው ቁም ሣጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ ካስደገፍኩ በኋላ ነው፤ የወጥ ቤቱ ቢላም ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ አለ። እህቴ ከወንበሩ ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ትናንት በተሰፋው እግሯ ወደ ጓሮው በር እየረገጠች ነው፤ ለዚህኛው ዕጣ አላወጣችሁላትም።