የኦርኔላ ጋዜጣ

ማንጠግቦሽ ሆይ፣ እንዴት ከረምሽ? ኖሊ በምትባል የጣሊያን ከተማ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ይህችን ፖስትካርድ የምጽፍልሽ፤ ከብስክሌት ገና አሁን መውረዴ ነው። እንደኛ ከተማ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይምሰልሽ፤ እዚህ ብስክሌት ማለት አቀበት ነው። ከብስክሌት ጓደኞቼ ጋር በወይራው መሀል ላብ በላብ ሆነን ጫፍ ስንደርስ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራችን በፊት ሁላችንም ሹራባችን ውስጥ ጋዜጣ እንወሽቃለን፤ ንፋሱ ደረታችንን እንዳይመታን።

ጎረቤቴ ኢላሪዮ ግን ዛሬ ባዶ እጁን ቆመ። ሰማንያ ሊደፍን ነው። ሁልጊዜ በመኪና ወጥታ ጋዜጣውን የምታደርግለት ሚስቱ ኦርኔላ ናት፤ በሚያዝያ ከብስክሌት ከወደቀ ወዲህ ግን «ሁለተኛ ብስክሌት ላይ ብትወጣ ዓይንህን አላይም» ብላዋለች። የእኛን ብንሰጠው «የናንተ አያሞቀኝም» ብሎ እምቢ አለ። እየተንቀጠቀጠ ሊወርድ ሲል ትንሿ መኪና እያቃሰተች ደረሰች።

ኦርኔላ ዚፑን ከፍታ ጋዜጣውን ደረቱ ላይ ዘረጋችለት። «የትናንቱ ነው። የዛሬውን ገና አላነበብኩትም፣ አንተ ግትር ሽማግሌ!»

«የትናንቱም ያንቺ እጅ ካለበት...» ሲል ዚፑን እስከ አገጩ ሳበችው፤ አፉንም ልትዘጋው ነው የሚመስለው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እንደያዘ ወረደ፤ እሷም በመኪናዋ ከኋላ ከኋላው።

ካርዷ ሞላች። የእትዬ በለጡን ጉልበት ሳሚልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እዚያ ጫፉ ላይ ኦርኔላ ወደ እኔም ዞራ «አንተስ ማን አለህ?» ስትለኝ ሳላስበው ስምሽን ጠራሁ። «ታዲያ የት አለች?» ብላ ከጋዜጣው የማስታወቂያውን ገጽ ደረቴ ላይ ወሸቀችልኝ። መልሱን አንቺ ጻፊልኝ።

ፈንታሁን