የትራምፔትህ መንፊያ

ለልጄ ለሰይፈሥላሴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትህም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነም። ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ መልስ ያልመጣው በፖስታ ቤቱ ስንፍና ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም።

የጦሩ የሙዚቃ ባንድ የራሱን ትራምፔት ሰጥቶህ ስትሄድ እቤት የተውከውን ትራምፔት አባትህ ከፎቶህ ጎን ሰቅሎት ነበር። አውርጄዋለሁ። ጎረቤታችን ጉዲሳም ለቤተ ክርስቲያናቸው ሊገዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጣ፤ «ባለቤቱ ሲመጣ ራሱን ጠይቀው» ብዬ ሸኘሁት። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ቤታችን ሲገባ ለምን ድምፁን እንደሚቀንስ አይገባኝም። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌዋለሁ።

የመንፊያው ብር ከንፈርህ በሚያርፍበት በኩል ተልጦ ነሐሱ ወጥቷል። ነሐስ ሲነካህ ከንፈርህ እንደሚያብጥ ስለማውቅ እዚሁ ኮልፌ ብረት ለሚለብጠው ለደበላ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየውና፣ «እትዬ ወለተጻድቅ፣ ለማስታወሻ የሚቀመጥ ከሆነ ቫርኒሽ ይበቃዋል፤ ሳይነኩት ዘመኑን ሁሉ ያብረቀርቃል። አፍ የሚነካው ከሆነ ግን በብር መለበጥ አለበት» አለኝ።

«ልጄ ይነፋዋል። በብር ለብጠው» አልኩት።

ለብጦ ሰጠኝ። ብር ግን ሳይነፋ ከተቀመጠ ይጠቁራል ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ በየጠዋቱ እወለውለዋለሁ።

አባትህ ሰላም ብሎሃል። ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ለመንፊያህ አታስብ፣ አይጠቁርም።

እናትህ