«አልችልም» የምትለዋ ቁልፍ ጉዳይ

ለተከበሩ የሞካሪዎች ሥራ ድልድል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ዕረፍት ለማያውቀው ስልክዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ምናልባት ከዘነጉኝ፣ አዲስ መተግበሪያ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ቤቴ ተቀምጬ ቁልፍ በቁልፍ እየተጫንኩ የምሞክረው፣ ቋሚ ያልሆንኩት፣ ሞካሪ ቁጥር አሥራ ሰባት ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ላመሰግንዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ «አስቸኳይ» ማለት ምን እንደሆነ ስላስተማሩኝ። በቀደም ገላዬን እየታጠብኩ ሳለ አስቸኳይ ተባልኩና እየተንጠባጠብኩ ሮጬ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ የምሞክረው መተግበሪያ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ሳሙናው ጭንቅላቴ ላይ እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠበቅኩ።

ሁለተኛ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አንድ የሱቅ መተግበሪያ፣ በዚያው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ደግሞ ሌላ የታክሲ መተግበሪያ እንድሞክር ስለደለደሉኝ። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት የሚችል አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ እሱንም ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ ነው የማነጋግረው። እምነትዎ ግን ልቤን ነክቶታል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። የፊታችን ሐሙስ ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ይሞላታል። ልጃችን ከሩቅ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች፤ የእናቷን መቃብር አብረን ጠርገን ጸሎት እናደርሳለን። ስለዚህ ከወር በፊት፣ የምንችለውንና የማንችለውን ቀን የምናስመዘግብበት የሥራ ማስያዣ መተግበሪያችሁ ውስጥ ገብቼ «አልችልም» የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀኑ ቀይ ሆነልኝ፤ ተዘጋ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ስመለከተው አረንጓዴ ሆኖ፣ ሙሉ ቀን ሥራ ተይዞልኛል። ቢሮዎ ብደውል «ጋሼ፣ ሲስተሙ እኮ እችላለሁ ብለዋል ነው የሚለው» ተባልኩ። ለልጄ ብነግራት ደግሞ «አባዬ፣ ስህተት ፈላጊው አንተ አይደለህ እንዴ? የገዛ ቀንህን አሳልፈህ ሰጠህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሳቋ ከውስጤ አልወጣ አለ። አሮጌ የሙከራ ቅጾቼን አገላበጥኩ። ለካስ ይህንኑ ሥራ ማስያዣ አምና የሞከርኩት እኔው ነኝ! ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፦ «የተዘጋ ቀን በማግስቱም እንደተዘጋ ይቆያል?» ከጎኑ «ይቆያል» ብዬ ጽፌአለሁ። አልሞከርኩትም። አርባውን ነጥብ በሁለት ሰዓት ጨርስ ብለውኝ ነበርና ማግስትን ከየት ላምጣ? ቢሆንም የጻፈው የእኔ ጣት ነው፤ ይህንንም ይቅር ማለት ለሚችለው ተናዝዣለሁ።

አሁን በደንብ ሞክሬአታለሁ። ቁልፏ ቀኑን የምትዘጋው ከተጫኗት እስከ ማግስቱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ራሷ መልሳ ትከፍተዋለች። ሪፖርቱን አያይዣለሁ። ሐሙስ ግን ሲስተሙ ቢልም ባይልም፣ እኔ ከልጄ ጋር ከእናቷ ዘንድ ነኝ።

ከሐሙስ በቀር በማናቸውም ቀን፣ ገላዬን ታጥቤ እንደጨረስኩ ትእዛዝዎን ለመቀበል በታላቅ ትሕትና የምጠባበቅ፣
ሞካሪ ቁጥር አሥራ ሰባት

ማስታወሻ፦ የእርስዎም የዓመት ዕረፍት የሚመዘገበው በዚችው ቁልፍ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መልካም ዕረፍት፣ እስከ ማግስቱ።