ቋ ባለ ቁጥር

ጥቅምት 3

ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሌን ፈለግኩት። እግሩን አገኘሁ። የቀረው የቸሩ አካል ከፒክአፓችን ሥር ነው።

«እመቤት፣ ነይ እስኪ ስሚ።»

«ምኑን?»

«ቋ የሚለውን።»

የቆመች መኪና ምን ትላለች? ቋ የምትለው ስትሄድ ነው። ነገርኩት። «እሱስ ልክ ነሽ» አለና እዚያው ተኝቶ ቀረ።

ጥቅምት 5

መኪናዋን መካኒኩ አቶ አወቀ ጋ ወሰድናት። ክሪኩ ነው አለ፤ አወጣነው። ቋ። ትርፍ ጎማው ነው አለ፤ አወረድነው። ቋ። ማርሚታው ነው አለ፤ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ቋ።

«እንግዲያው መንገዱ ነው» አለ።

መንገዱን ፈትተን ማስጠገን አንችልም። ወደ ቤት ገባን።

ጥቅምት 8

ቸሩ ቀስ ብሎ ነዳ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ከጎን እየተራመድኩ አዳመጥኩ። የሱ ሐሳብ ነው። ተማሪዎቼ አዩኝ።

«ቲቸር፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

ምን ልበላቸው? ድምፅ?

እሱ ከፊት ነው ይላል። እኔ ከኋላ ነው አልኩ። «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ራት ላይ አልተነጋገርንም። ሽሮው ግን ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 10

ቸሩ እናቱን ከመንደራቸው ከራቤል አመጣ። እማማ ምሥራቅ። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ቆየ፤ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። ጥቅምት 14 ደብረ ብርሃን ላይ የዓይን ሕክምና ዘመቻ አለ። ወረፋ ያስያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ያ ቀን ካለፈ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ከመኪና ሲወርዱ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «በዚች ሁለተኛ አልሳፈር! ሥሯን ሰው ይደበድባታል።»

በአውቶቡስ እንሂድ አልኩ። ቸሩ ተቆጣ። «መኪና እያለኝ እናቴን በሰው መኪና?»

እሳቸው በዚች አይሄዱም። እሱ በሌላ አይወስድም። የልጃቸው ግትርነት ከየት እንደመጣ ዛሬ ገባኝ።

ጥቅምት 12

ቸሩ ሚካኤልን ሊሳለም ሄደ። እኔ ነጠላዬን አስቀምጬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ... ምን እንደነካኝ እንጃ። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ የመኪናዋን ክብደት ከሚሸከመው ባሌስትራ በላይ፣ አንድ ብረት ተፍቆ ያብለጨልጫል። ሌላው ሁሉ ጭቃ ነው። የሚጋጨው እሱ ነው። ከኋላ! አላልኩም?

ልንገረው? ብነግረው ብሎን በብሎን ይፈታታታል። 14 ሲያልፍ ገና እየገጠማት ነው የሚሆነው።

ከሣጥን አሮጌውን የበግ ጠጉር ባና አወጣሁ። እማማ ራሳቸው ፈትለው ለሠርጌ የሰጡኝ ነው። እንደ እሳት ይቆጠቁጣል፤ አንድ ቀን እንኳ ለብሼው አላውቅም። በመቀስ ለሁለት ቆረጥኩት። ግማሹን አጣጥፌ ክፍተቱ ውስጥ ወተፍኩት።

ከሰዓት ቸሩ ነዳት። ጭጭ።

«ሚካኤል ሰማኝ!» አለ። ጧፍ ሊያስገባ ተሳለ። እኔ የቀረውን ግማሽ ባና ወደ ሣጥን መለስኩ።

ጥቅምት 13

እማማ ለሙከራ ሰፈሩን ዞሩባት።

«ዳነች?»

«ዳነች» አለ ቸሩ።

እኔ በሩን እየዘጋሁ ነበር። ግን ጨርቅ ብረት ያድናል እንዴ? ምኑ ላልቶ ነው የሚጋጨው? ፈራሁ። ነገ ሳንነሳ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 14

አልነገርኩትም። እማማ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እንዴት ብዬ?

ጓሳ ተራራ ላይ ስንደርስ ሣሩ ገና ውርጭ ለብሷል። እማማ እጄን ያዝ አደረጉ።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ እማማ?»

«ያው ነው። አፉን አፍነውት እንጂ መች ተወ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከፊታችን ቁልቁለት ነው።

«ቸሩ፣ አቁም! አቁም! ከኋላ በቀኝ በኩል እይ!»

ገባ። የጠቆረ ጨርቅ ይዞ ወጣ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

እማማ እጃቸውን ዘረጉ። ክሩን በጣታቸው አሹት፣ አሹት... ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«አይጥ ጎትቶት ይሆናል» አሉ።

ቸሩ አመነ። ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ባሌስትራውን አቅፎ የሚይዘው ብሎን አንዱ ተበጥሷል፤ ሌላው ሊበጠስ ነው። ቁልቁለቱን ጀምረን ቢሆን...

እሱ ከመኪናዋ ጋር ቀረ። እኛን በግ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አሳፈረን። በሰው መኪና። አልተቃወመም።

እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የራሴን ክር የማልለይ መሰለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ወረፋው እንዳያልፍብዎ ብዬ ነው።»

«ግማሹስ?»

«ሣጥን ውስጥ አለ።»

«ይቆጠቁጣል አይደል?»

«...አዎ።»

«ጠጉሩ የአሮጌ በግ ነበር። እያወቅኩ ነው የሰጠሁሽ፤ ያኔ ብዙም አልወደድኩሽ።» ከዘራቸውን አስተካክለው፣ «ለቸሩ ግን አንቺው ንገሪው። እኔ አንዴ ዋሽቼልሻለሁ፣ ይበቃኛል።»

ደረስን። ወረፋቸው አላለፈም።

ጥቅምት 15

የእማማ ፋሻ ተነሳ። መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው። ከዚያ እኔን። ብዙ አዩኝ።

«ከስተሻል» አሉ።

አለቀስኩ። ነርሷ አመመሽ ወይ አለችኝ።

ጥቅምት 20

ብሎኖቹ ሁሉ ተቀየሩ። የባናውን ነገር ለቸሩ ነገርኩት። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«እናቴ ውስጥ ነበረች» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺም ነበርሽ።»

ወጣ። መኪናዋን ሲዞራት በመስኮት አየሁት። ስንት ጊዜ እንደዞራት እንጃ። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ከኋላ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«እኔም አልሰማሁሽም» አለና ራት ጠየቀ።

ኅዳር 9

እማማን ወደ ራቤል መለስናቸው። ጉልበቴ ላይ አዲስ ባና አለ፤ የዘንድሮ ጠቦት ጠጉር ነው፣ እያዩ የፈተሉት። ለስላሳ ነው። መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩ ጠየቁኝ፤ ቸሩ ሳቀ።

ስንሄድ መንገድ ላይ ከሥር ጢቅ አለ። በጣም ትንሽ። ቸሩ አልሰማም፣ ስለ ገብስ እያወራ ነው። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ቸሩ፣ አቁም» አልኩ። «ከፊት በግራ።»

ከየት አወቅሽ አላለኝም። አቁሞ ወረደ።