በገበያ የተለፈፈ ፈቃድ

ቅዳሜ፣ ጥር 15 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

የጎረቤቴን የጋሽ ተሰማን መንጃ ፈቃድ ትራፊክ ፖሊሱ ቀማው። ወሬው የደረሰኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ነው። ጋሽ ተሰማ ምጥ የያዛት ሴት በታክሲው ጭኖ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመኪና በሚዘጋው በገበያው መንገድ አቋርጦ ሐኪም ቤት አድርሷታል። ወንድ ወለደች። እሱ ተከሰሰ።

መቼስ ዝም ብሎ አልገባም። ኅዳር ላይ ጌሾ ስገዛ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለፋፊው አባባ ወልዴ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ በሽተኛ የጫነ ታክሲ በገበያው ይለፍ፣ የከተማው ሹም ፈቅደዋል ሲሉ ገበያው እልል ብሏል። አገር የሰማው ነገር ይፈርሳል?

ሰኞ፣ ጥር 17

የጋሽ ተሰማ ሚስት እትዬ በላይነሽ ስትጠብሰው ዋለች።

«ወረቀቱን ይስጡህ ብዬህ አልነበረም?»

«የሹም አፍ ከወረቀት ያንሳል እንዴ?»

«አፍማ እኔም አለኝ።»

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። መሬቱን ሸጦ ነው ታክሲዋን የገዛት፤ ፈቃዱ ከሄደ ምን ይሠራል?

ረቡዕ፣ ጥር 19

ፍርድ ቤቱ ጢም ብሏል። ጌሾ ሻጭ ሳይቀር ሊመሰክር መጥቷል። ዳኛው ገና ወጣት ናቸው፤ አባባ ወልዴን «በጽሑፍ ታዘው ነው አባቴ?» አሏቸው።

«ከጎረምሳነቴ ጀምሬ ስለፍፍ ጽሑፍ ያሳየኝ የለም፣ ጌታዬ።»

ዳኛውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈረዱ። መንገዱ የተዘጋው በተጻፈ ደንብ ነው፤ ሹሙ ለታክሲ ብለው በቃል ደንቡን ሊያነሱ ሥልጣን የላቸውም፤ አገር ስለሰማውም ሕግ አይሆንም። ጋሽ ተሰማ ግን አምኖ የገባ ነውና እስራቱ ቀርቶለት መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ታገደ። ልፈፋውም በልፈፋ እንዲሻር ታዘዘ።

ልክ ናቸው። የከፋኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ዓርብ፣ ጥር 21

ሹሙ «ለነፍስ ብዬ ነበር» እያሉ ምሳ አልበላም ብለዋል አሉ። ደንቡ እንዲሻሻል ለአዲስ አበባ ሊጽፉ ነው። ምነው ያኔ ጽፈው ቢሆን ኖሮ። የቀልድ ወግ ለምልክለት መጽሔት ልጽፍ ተቀምጬ የሚያስቅ ነገር አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

አባባ ወልዴ ልፈፋውን በገበያው ሻሩት። እልል ያለ የለም። መሐል ላይ አቋርጠው እንደገና ከመጀመሪያው ለፈፉት። ከድንጋዩ ወርደው በቀጥታ ወደ ጋሽ ተሰማ ደጅ መጡ፤ ቆማ የዋለችውን ታክሲ ያጥባል።

«የእኔን አፍ አምነህ ነው የተጎዳኸው፣ ልጄ።»

«የተባሉትን ነው ያሉት፣ አባባ። ይቀመጡ።»

ወዲያው አንድ ሰው እናቱን ታቅፎ ደረሰ፤ ሴትዮዋ ትንፋሽ አጥሯታል። ጋሽ ተሰማ መንጃ ፈቃዱ የሌለበትን ኪሱን ዳበሰና የባልደረባውን ታክሲ ጠራለት። ያ ደግሞ ገበያውን ፈርቶ በረጅሙ መንገድ ዞረ። ቆመን ጠበቅን።

በመጨረሻ ደርሳለች፣ ተርፋለች የሚል ሰው መጣ። ጋሽ ተሰማ እርጥቡን ጨርቅ ከእጁ ያስቀመጠው ያን ጊዜ ነው። የሚቀጥለውን ቅዳሜ እንጃ።